መስታወቱ ውስጥ የታየችው ቲኬት ቆራጭ

የፊልም ማኅደሩ ኃላፊ በአሥር ሰዓት ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታቸው ከባድ የፊልም ቆርቆሮ አጠገባቸው ወድቋል። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ከእሳቸው ሌላ ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ጠዋትም «ጡረታ ውጣ!» እያለች ስትጮህባቸው ጎረቤት ሰምቷል። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቷል።

«ቆይ እስቲ» አለችው መርማሪዋ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

እሷ ከሬሳው ይልቅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፊልም ነበር ልብ ብላ ያየችው። ከመጀመሪያው እንዲጀምር ሆኖ በወጉ ወደ ኋላ ተጠቅልሏል፤ ርዕሱ ከላይ ይታያል።

ቀድማ የጠየቀችው ያን ቀን ኃላፊው ዘንድ የነበረችውን የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊ ነው።

«በስምንት ሰዓት አብረን እስከ መጨረሻው አየነው» አለች ጸሐፊዋ። «እዚህ አገር የተነሣ የመጀመሪያው ፊልም ነው። ያነሡት የሲኒማ ቤቱ ኦፕሬተር አባት ናቸው ሲባል ኖሯል። መጨረሻው ላይ ግን የፀጉር አስተካካዩ መስታወት ውስጥ የካሜራውን እጀታ የምታዞር ሴት ትታያለች። የዚያን ጊዜ የሲኒማ ቤቱ ቲኬት ቆራጭ ናት! መጽሐፌ ላይ ላወጣው ነው። ቀድሜም አይቼው ስለነበር ለኦፕሬተሩ ጠዋት ነግሬዋለሁ። እኔ የማጫወቻ ማሽኑን መንካት አልችልም፤ ፊልሙ እንዳለቀ ትቻቸው ወጣሁ።»

ኦፕሬተሩ ሠላሳ ዓመት ሲኒማ ቤት ፊልም ያጫወተ፣ የአባቱን ስም ሳያነሣ የማይውል ሰው ነው። «እኔ ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም» ብሎ ድርቅ አለ።

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «እህቴ፣ አባትሽ አይተው የጨረሱትን ፊልም ምን ያደርጉታል?»

«እንዳለቀ ያስቀምጠዋል። በዚያው ቀን ወደ ኋላ አይጠቀልለውም፣ ‹ይረፍ› ይላል። አንዴ ሚኒስትር መጥቶ ‹ድገምልኝ› ቢለው ‹ነገ ይመለሱ› ብሎ ሸኝቶታል።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፊልሙ ላይ ያለው የጣት አሻራ ቀድሞ ተነሥቷል።

«ጋሼ፣ እስቲ ያጫውቱልን» አለችው ኦፕሬተሩን።

አጫወተ። ሴትየዋ መስታወቱ ውስጥ ፈገግ ብላ ጠፋች፤ ፊልሙ አለቀ። የኦፕሬተሩ እጅ ማንም ሳያዘው ፊልሙን ወደ ኋላ ይጠቀልል ጀመር።

«ማን ጠቅልሉት አለዎት?»

እጁ ባለበት ቀረ።

«ሲኒማ ቤት ቀጣዩ ተመልካች በር ላይ ስለሚጋፋ ፊልም ወዲያው ይጠቀለላል፤ እጅዎ ያንን ለምዷል» አለች መርማሪዋ። «እዚህ ቤት ግን ነውር ነው። ኃላፊው ለሚኒስትርም አላደረጉት። ልጃቸው ደንቡን ታውቃለች፤ ጸሐፊዋ ማሽኑን አትችልም። በስምንት ሰዓት አልቆ የነበረውን ፊልም ግን ተጠቅልሎ አገኘሁት። መጥተው አንኳኩ፤ ኃላፊው ከፈቱልዎት። ‹አሳየኝ› ሲሏቸው ‹ነገ› አሉ። መቷቸው፣ ፊልሙን ወደ መጀመሪያው መልሰው ብቻዎን አዩት። ሲያልቅም እንደ ልማድዎ ጠቀለሉት።»

ኦፕሬተሩ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ውሸት መስሎኝ ነበር። በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።»

«ታዲያ መስታወቱ የሚታይበትን ቆርጠህ ለምን አልጣልከውም?» አለ ፖሊሱ፣ ገርሞት።

«መቀሱን አንሥቼ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ የሌለው ፊልም እኮ ነው፤ እንዴት ይቆረጣል?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

«አባቴ ላይ ግን እጅዎ እሺ አለዎት» አለችው።