ጓደኛዬ አለ

ሟቹ ከአሮጌው ምሽግ በር ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ በደረቱ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ጥፍሮቹ ተነቃቅለዋል፤ ከደረጃው አንስቶ እስከ በሩ ድረስ ድንጋዩ በደም ተለውሷል። የዚህን አገር ታሪክና ባህል እንዲያጠኑ ዩኒቨርሲቲያቸው ከባሕር ማዶ ከላካቸው ተማሪዎች አንዱ ነው። ወሬ ስለማያመልጠው ጓደኞቹ «ጋዜጣ» ይሉት ነበር።

መርማሪዋ ጉልበቷን እየረገመች አጠገቡ ተንበረከከች። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ነው የሚሏት፤ ዱቄቱን አሳልፋ ጠጠሩን ታስቀራለችና።

«ወዲያው አልሞተም» አላት ሐኪሙ። «ከደረጃው እዚህ ድረስ ድሆ መጥቷል። ነፍሱ የወጣችው ሌሊት ነው። የደረሰለት ሰው ቢኖር ይተርፍ ነበር።»

«ወይኔ ልጄን! በል፣ ይቺን ነገር ለእኔ ተዋት። ከአፍህ እንዳትወጣ።»

የሟቹን አንገት ቀና አድርጋ አየች። ማዳመጫ ተንጠልጥሎበታል። ጎብኚዎች ሲገቡ ተቀብለው የአስጎብኚውን ድምፅ የሚሰሙበት፣ ሲወጡ ደግሞ በሩ ላይ የሚመልሱት ነው። ማዳመጫውን እያገላበጠች ብዙ ቆየች።

ምክትሏ ግን ነገሩን በልቡ ጨርሶታል። «ገዳዩ ሹፌሩ ነው፣ እመቤቴ። ትናንት ከሰዓት ጎብኝተው ሲመለሱ መምህራቸው ስም ጠርቶ ነው አውቶቡሱን ያስነሳው። ሟቹም "አለ" ተብሏል። ምሽጉ ከከተማ ሩቅ ነው፤ በእግር አይታሰብም። ሌሊት መልሶ ሊያመጣው የሚችል መኪና ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው። ደም የነካው የጎማ መፍቻም አውቶቡሱ ውስጥ ተገኝቷል። ምን ቀረን?»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለችና መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ተማሪዎቹ ካረፉበት ቤት ስትደርስ ደጃፉ በጩኸት ተናውጧል። የሟቹ ታናሽ እህት፣ እሷም ተማሪ ናት፣ በካቴና የታሰረውን ሽማግሌ ሹፌር ፊቱን ቦጫጭራው ደሙ በአገጩ ይወርዳል። እጮኛዋ ወገቧን ይዞ ይጎትታታል። ቁመቱ በር የሚያክል ጎረምሳ ነው፤ ሁሉም «ረጅሙ» ነው የሚሉት።

«ልቀቀኝ! ወንድምዓለሜን በላብኝ!»

«የኔ ልጅ» አለ ሹፌሩ፣ «እኔም የልጆች አባት ነኝ። ስንሄድ መቀመጫ ላይ እግሩን ቢሰቅል ተቆጣሁት እንጂ እጄን አላነሳሁበትም።»

ልጅቷ መርማሪዋን ስታይ እግሯ ላይ ወደቀች። «ማታ አውሮፕላን አለን። ለምን እንደገደለው ሳላውቅ አልሳፈርም። እናቴ ወንድምሽስ ስትለኝ ምን ልበላት?»

መርማሪዋ አንስታ ውሃ ሰጠቻት። ብርጭቆውን ስትቀበል እጅጌዋ ተሰበሰበ፤ ክንዷ ላይ የበለዘ የጣት ምልክት ታየ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«በር መታኝ።»

«በር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጣት ያበቀለው?»

ልጅቷ እጅጌዋን መልሳ ጎተተች። ረጅሙ መሃላቸው ገባ። «ደክማለች፣ እባክዎ ይተዋት።»

«እሺ፣ አንተ ንገረኛ። ሟቹን መጨረሻ ያየኸው የት ነው?»

«እዚሁ፣ ከአውቶቡስ ስንወርድ። ከሹፌሩ ጋር ሲጨቃጨቅ ትቼው ገባሁ።»

መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

«ስም ሲጠሩ ልጁን በዓይንዎ አይተውታል?» አለችው።

«ፊት ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጠራው። በጥንድ መድቤያቸዋለሁ፤ የተጠራው ራሱ አይመልስም፣ ጥንዱ ነው "ጓደኛዬ አለ" የሚለው። እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ብዬ ነው።»

«የሟቹ ጥንድ ማነው?»

«ረጅሙ።»

«ደህና ዘዴ ነበር፤ ሰው ሁሉ መልአክ ቢሆን።»

ሁሉንም መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሹፌሩ በካቴናው እንዳለ ጥግ ላይ ቆመ።

«ማዳመጫው የሟቹ አንገት ላይ ነው» አለች። «ከምሽጉ የወጣ ሁሉ በሩ ላይ መልሷል። ስለዚህ ጋዜጣ ከምሽጉ አልወጣም። ካልወጣ አውቶቡስ አልተሳፈረም። ካልተሳፈረ ደግሞ ይህ ሽማግሌ ሌሊት የሚመልሰው ሰው ከየት አመጣ?»

«"አለ" ተብሏል እኮ!» አለ መምህሩ።

«ማን ነው ያለው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ረጅሙ ዞረ።

«ከኋላ የተኛ መስሎኝ ነው» አለ። «መሳሳት ወንጀል ነው እንዴ?»

«ቅድም ከአውቶቡስ ሲወርድ አይቼዋለሁ አላልከኝም? ይሁን፣ እሱን እንተወው። አንተስ ስትጠራ? ለአንተ የሚመልሰው ጥንድህ ምሽጉ ውስጥ ወድቋል። ለአንተ "አለ" ያለው ማነው?»

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ዝም በይ!» አላት ረጅሙ ጥርሱን ነክሶ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም!»

«እኔ ነኝ» አለች። «"ወንድምሽ ከኋላ ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው፣ አንቺ መልሽልኝ" አለኝ። መለስኩለት። ስንወርድም ቀድሞን ወርዷል አለኝ፤ አመንኩት።» ከዚያ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። «ይሄን ያደረገኝ እሱ ነው። ወንድሜ ትናንት አየብኝና "ምሽጉ ጋ አነጋግረዋለሁ" አለኝ።»

«አንተም መነጋገሪያህን ይዘህ ሄድክ» አለች መርማሪዋ። «የጎማ መፍቻውን ከአውቶቡሱ ወስደህ፣ ከኋላው መተህ፣ በጃኬትህ ሸፍነህ መለስከው። ወንድ ሆነህ ፊት ለፊት እንኳ አልመታኸውም።»

ረጅሙ ጠረጴዛውን ገልብጦ ልጅቷን ጉሮሮዋን አነቀ። ዓይኗ ተገለበጠ። ምክትሉ በዱላ አፉን ሲለው ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ሦስት ፖሊስ ተረባርቦ አሰረው። የሹፌሩም ካቴና ተፈታለት።

ልጅቷ አንገቷን ይዛ ስታስል ቆይታ ቀና አለች። «እኛ ትተነው ስንሄድ ሞቶ ነበር?»

መርማሪዋ በሥራዋ ላይ ዋሽታ አታውቅም። «ሞቶ ነበር፣ የኔ ልጅ። አልተሰቃየም።»

«ውሸቷን ነው!» አለ ረጅሙ ደም እየተፋ። «ትቼው ስወጣ እየጠራ ነበር። አንቺን!»

ጎትተው አስወጡት። መምህሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ልጅቷ ግን አልጮኸችም፤ ወደ መርማሪዋ ተጠግታ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እኔ "አለ" ባልል አውቶቡሱ ይጠብቀው ነበር?»

መርማሪዋ ሁለተኛ ውሸት ፈልጋ አጣች። «ይጠብቀው ነበር» አለችና ልጅቷን ሳትወድቅ ደግፋ ያዘቻት።