የተገለበጠው ደረጃ

የፅንስ ባለሙያዋ ሬሳ የተገኘው በአንድ የመካንነት ሕክምና ክሊኒክ፣ ፅንሶች ቀዝቅዘው በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ፅንሶቹን የሚያቀዘቅዘው የናይትሮጅን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ጋዙ የክፍሉን አየር አሟጦታል፤ አየር ሲያጥር የሚጮኸው ደወል ደግሞ ሽቦው ተነቅሏል። ይህን ድንገተኛ አደጋ ነው የሚል ካለ እሱ ራሱ አደጋ ነው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ጋውን አውርዳ አሸተተችው። ከሟቿ ኪስ ደግሞ በእርሳስ የተጻፈበት ትንሽ ደብተር አወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት ነርሷን።

«የራሷ ነጥብ ነው» አለች ነርሷ እንባዋን እየጠረገች። «የትኛው ፅንስ ቀድሞ ማህፀን ይግባ ብሎ ደረጃ የሚያወጣው ማሽኑ ነው፤ ያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት። እሷ ግን የማሽኑን ውጤት ከማየቷ በፊት በዓይኗ አይታ ትመዘግባለች። ግትር ናት እኮ!»

ሐኪሙ ግራ እንደተጋባ ነው። «ትናንት ‹ማሽኑ አንድ ፋይል ላይ ተሳስቷል› አለችኝ። ለኮምፒውተር ባለሙያው ንገሪው አልኳት።»

የኮምፒውተር ባለሙያው ሽቶ ከሰውዬው ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል። ሚስቱ የዚሁ ክሊኒክ ታካሚ ናት፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ከአምስት ፅንሶቿ አራቱ ገብተው አራቱም ከሽፈዋል፤ የቀራት አንድ ብቻ ነው።

«ነግራህ ነበር?» አለችው መርፌ።

«ኧረ በፍጹም! ላቦራቶሪውንም እግሬ ረግጦት አያውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየዋ የባሏን እጅ ይዛ ተቀምጣለች።

«ደብተሩንና ማሽኑን አስተያየሁ» አለች መርፌ። «በሌላው ታካሚ ሁሉ ይስማማሉ። በአንዲት ሴት ፋይል ግን ደረጃው ተገልብጧል፤ ደካማው አንደኛ፣ ጠንካራው መጨረሻ። ማሽን ሲሳሳት ሰው አይመርጥም። ሟቿ ይህን ያየችው ትናንት አምስተኛውን ልታዘጋጅ ስትል ነው።»

«የማን ፋይል?» አለች ሚስትየዋ።

«ያንቺ፣ እህቴ።»

«ማሽኑን እኮ እኔም መክፈት እችላለሁ» አለ ሐኪሙ።

«አንተንም ጠርጥሬ ነበር። ግን ደወሉን የነቀለው ሰው ለብሶ ከበሩ ጀርባ የሰቀለው ጋውን ሽቶ ሽቶ ይላል። ሽታ ፅንስ ይጎዳል ብላችሁ እዚያ የምትገቡት ሳሙናችሁ እንኳ አይሸትም። ደንቡን የማያውቅ ገብቶ የማያውቅ ነው።» ወደ ባልየው ዞረች። «እግሬ ረግጦት አያውቅም ያልከው እውነት ነበር፤ እስከ ትናንት ድረስ። ምስኪኗ ‹አስተካክለው› ብላ አምናህ መጣች።»

ሚስትየዋ እጁን ለቀቀችው። «አራት ጊዜ አብረኸኝ አለቀስክ እኮ! አንተ ሰው!»

«ልጅ አልፈልግም ማለት አቃተኝ» አለ። «ትተይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ከአራተኛው በኋላ ተስፋ ትቆርጫለሽ ብዬ...»

አላስጨረሰችውም። «የቀረው የትኛው ነው?» አለችው ሐኪሙን።

«ጠንካራው» አለ ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ። «ግን ያለ ሁለታችሁ ፊርማ ማውጣት አልችልም።»

ሄዳ የስምምነት ቅጹን ከጠረጴዛው አነሳች፤ ፈርማ ከእስክሪብቶው ጋር ለባሏ ዘረጋችለት። «ሌላ አልጠይቅህም። እሱን ብቻ ፈርምልኝ።»

ቅጹን አየው እንጂ እስክሪብቶውን አልነካም። ከዚያ ተነስቶ በር ላይ ወደ ቆመው ፖሊስ ሄደና ሁለት እጁን ዘረጋለት።

«እንሂድ» አለው።