በእልልታ የተሸኙ

ደብሬ ሞቶ የተገኘው ቁጭ እንዳለ ነው።

ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ጀርባውን ለቋጥኝ ሰጥቶ ጋቢውን ደረቱ ላይ ጨምድዶ ይዟል። ማልደው የወጡ ገበያተኞች ያረፈ መስሏቸው ሰላምታ እየሰጡት አልፈዋል። በመጨረሻ አንዲት ሴት ዝንብ ዓይኑ ላይ አርፎ እሱ እንዳልተንቀሳቀሰ አየችና ጮኸች።

ሃምሳ አለቃ ይግዛው ሬሳውን አገላብጦ አየ። ቁስል የለም። ደም የለም። ስንቁ እንኳ ሳይፈታ ከጎኑ ተቀምጧል። እጅጌውን ሲሰበስብ ግን ክንዱ መታጠፊያ ላይ ትኩስ የመርፌ ቀዳዳ አገኘ፤ ዙሪያው ጠቁሯል።

ፖሊሱ ሰውየውን ያውቀዋል። ትናንት ከቀትር በኋላ ከሆስፒታሉ የልብ ክፍል "ድኗል" ተብሎ፣ በገዛ እግሩ፣ በእልልታ ወጥቷል። ይግዛውም በር ላይ ቆሞ አጨብጭቦለታል።

ይግዛው ፈራ። እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሐና የተኛችው እዚያው ክፍል፣ ደብሬ ከለቀቀው አልጋ ፊት ለፊት ነው።

ሆስፒታሉን ያሠራው አንድ በጎ አድራጊ ነጋዴ ነው። ሐኪሙ ከደሴ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ዕለት ዕለት ቤቱን የሚያስተዳድረው የሐኪሙ ረዳት፣ ዋናው ድሬሰር ምንዋጋው ነው። መግቢያው ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ የልብ ሕሙማን፣ የገቡ፣ የዳኑ፣ የሞቱ። በዚህ ዓመት፣ በ1961 ዓ.ም.፣ "የሞቱ" ከሚለው ሥር ከዜሮ በቀር ምንም አልተጻፈም። ሞት የማያውቀው ቤት በምድር ላይ ይህ ብቻ ይመስል።

ይግዛው በቀጥታ ወደዚያ ሄደ።

"ደብሬ ዳገቱ ላይ ሞቶ ተገኘ፤ ክንዱ ላይ ያለው መርፌ ምንድን ነው?" አለ።

"የብርታት መርፌ ነው፣ ሃምሳ አለቃ፤ ለመንገደኛ እንሰጣለን።" ምንዋጋው በእርጋታ እጁን እየታጠበ ነበር። "ምስኪን! አገርሽቶበት ይሆናላ። ከእሱ ጋር የሄደውን ልጅ ጠየቁት?"

ልክ ነው፤ የእህቱ ልጅ ብዙነህ አብሮት ወጥቶ ነበር። አሁን የለም። አጎትና የእህት ልጅ በርስት ሲካሰሱ መኖራቸውን ሰቆጣ ውስጥ ያልሰማ የለም። ለሌሎቹ ፖሊሶች ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። ይግዛውም እውነቱ ይኸው እንዲሆን ተመኘ፤ በርስት የተጣላ ዘመድ እናቱን አይነካትም።

ከመሄዱ በፊት ወደ ክፍሉ አንገቱን አስገባ። እናቱ እንደ ወትሮዋ ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። እግሯ አሁንም እንዳበጠ ነው።

"ዛሬ ደህና ነኝ፤ ሥራህን ሥራ" አለችው።

ብዙነህ ከቀትር በፊት ከዘመዱ ጎተራ ጀርባ ተጎትቶ መጣ።

"ለምን ሸሸህ?"

"ገደለው ትሉኛላችሁ ብዬ።"

"አልገደልከውም?"

"መሬቱን ፈልጌ ነበር፣ አልክድም። ግን ለሕክምና በጀርባዬ አዝዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።" አማርኛው የአገውኛ ቅላጼ አለው፤ ሲፈራ ደግሞ ይብስበታል። "ሃምሳ አለቃ፣ አጎቴ ሮጠ።"

"ምን ማለት ነው፣ ሮጠ?"

"ከአልጋው እስከ ደጅ መሄድ ያቃተው ሰው ዳገቱን ቀድሞኝ ወጣ። ይስቃል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ልቡ ስትዘል በጋቢው ላይ ትታየኝ ነበር። ቀስ በል አልኩት፤ አልሰማኝም። ከዚያ 'አስቀምጠኝ' አለ። አስቀመጥኩት። በቃ።"

"ሌላ ምንም አልተናገረም?"

"'እንኳን ተናዘዝኩ' አለ። ሳይወጣ ድሬሰሩ ቄስ አስጠርቶለት ነበር።"

ይግዛው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በዋግ አገር ቄስ ወደ በሽተኛ አልጋ በጥድፊያ የሚጠራው ነፍስ ልትወጣ ስትል ነው። ድኖ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ቄስ ምን ያደርግለታል?

መምሬ ገብረ አምላክን ያገኛቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ነው። ጥላቸውን ዘርግተው፣ መስቀላቸውን ይዘው ከከተማው ዳር ይመጣሉ።

"ደብሬን እርስዎ ነዎት ያናዘዙት?"

"ንስሐ አይጠየቅም፣ ልጄ።"

"የነገረዎትን አልጠይቅም። ማን ጠራዎት?"

"ምንዋጋው ነዋ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው። ማንም ሳይናዘዝ እንዳይቀርበት ይጨነቃል።"

"ከደብሬ በፊትስ ለማን ጠርቶዎታል?"

"ለእናትነሽ። ለወልደ ገብርኤል።"

"እነሱ ድነው አልወጡም?"

"ወጥተዋል። በእልልታ ነው የወጡት፤ ከዚያ…" ቄሱ ቆሙ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ። "ሁለቱም ቤታቸው ሳይደርሱ ነው የሞቱት። አገረሸባቸው ተባለ። ፍትሐታቸው ላይ ነበርኩ። አምላኬ፣ እኔ እኮ አላሰብኩትም።"

ይግዛው በእጃቸው የያዙትን መስቀል አየ።

"አሁን ከየት ነው የሚመጡት፣ መምሬ?"

ቄሱ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ከእናትህ ዘንድ" አሉ።

ይህን እንዳሉ ከሆስፒታሉ በኩል እልልታ ተሰማ።

ይግዛው ሮጠ። ቆቡ ወደቀ፤ አላነሳውም። ያን እልልታ ለወራት ሲሰማ ደስ ይለው ነበር።

እናቱ የሆስፒታሉ በር ላይ ደርሳለች። ሳትደገፍ መቀመጥ ያቅታት የነበረች ሴት በሁለት እግሯ ቆማለች። ጉንጯ ቀልቷል። ምንዋጋው ክንዷን ይዟታል፤ አስታማሚዎቹ እልል ይላሉ።

"መጣህ? ልጅሽ በር ላይ ይጠብቅሻል ብሎኝ ነበር" አለችው እየሳቀች። "እየኝ እስቲ፣ ልጅ ሆንኩልህ። ልቤ ብቻ አላርፍ አለችኝ።"

አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲዘል አየ።

"እማ፣ አትናገሪ።" አቀፋትና ወደ አልጋዋ መለሳት። እንደ ሕፃን ቀለለችው። ከዚያ ዞሮ ምንዋጋውን ያዘና እጁን በካቴና አሰረው።

ድሬሰሩ አልታገለም። ዓይኑ ከሴትየዋ ላይ አልተነሳም።

"ፍታኝ" አለ።

"አንተን?"

"ሐኪሙ የሚደርሰው ነገ ነው። የወጋኋት መርፌ የደከመ ልብ የሚያስሮጥ ነው። ምን እንደሚደረግላት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ፍታኝ፣ አለዚያ ትሞትብሃለች።"

ይግዛው በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቶ አያውቅም። እናቱን በመርፌ የወጋውን ሰው እጅ እናቱን እንዲያድን ፈታው።

ምንዋጋው ቀጥ አድርጎ አስቀመጣት። እግሯን ወደ ታች አወረደ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ መድኃኒት ሰጣት። ከዚያ ጣቱን የእጇ የደም ሥር ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ተቀመጠ። ይግዛው በሌላው በኩል ተቀመጠ። እሷ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ጠየቀው።

"ለምን?"

"ክፍሉ ሲከፈት የመጡት ያበቃላቸው ነበሩ፤ ሞቱ። ሰው የሞት ቤት ነው ብሎ ሸሸን። በኪኒን የሚድነው ሁሉ ቤቱ ተኝቶ አለቀ።" ትንፋሹን ዋጠ። "ከደሴ የሚመጡት ተቆጣጣሪዎች ደግሞ በሽተኛውን አያዩም፤ ሰሌዳውን ነው የሚያዩት። ሰው ከሞተበት እንዘጋዋለን፣ መድኃኒቱንም ወደ ሌላ እንወስዳለን አሉኝ።"

"ስለዚህ ከበሩ ውጭ ይሙቱ አልክ።"

"የሚሞቱትን ነው የሸኘሁ። መርፌው በእግራቸው እንዲወጡ ነበር።"

"ደብሬ የግድ ይሞት ነበር?"

"እንጃ" አለ ምንዋጋው።

"እናቴስ?"

"ትናንት ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት አደረች። ነገ ተቆጣጣሪዎቹ ይመጣሉ። ፊታቸው ብትሞትስ ብዬ ፈራሁ።"

"ብትድን ኖሮስ?"

ምንዋጋው የልቧን ምት በጣቱ ቆጠረ።

"ቄሱን ባትጠራ ኖሮ አልደርስብህም ነበር። ለምን ጠራሃቸው?"

"ሳይናዘዙ እንዲሄዱ አልጨከንኩም" አለ ምንዋጋው።

ወለተ ሐና አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ ልጇን በአገውኛ ጠራች። እጇን ያዘ። ፀሐይ ስትጠልቅ ምንዋጋው ጣቱን ከእጇ ሥር ላይ አነሳ። ከዚያ ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

ይግዛው ወደ ሆስፒታሉ የተመለሰው ከቀብሩ በኋላ፣ የእናቱን ልብስ ሊወስድ ነው። ሐኪሙ ከደሴ መጥቶ ውስጥ ነው። ሰሌዳው እንዳለ አለ፣ ዜሮውም። ይግዛው የልብሷን ጥቅል መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ዜሮውን በመዳፉ ጠረገና ጠመኔ አንስቶ አራት ብሎ ጻፈ።

ከኋላው በቅሎ ቆማለች። ባለበቅሎው ሚስቱን ጭኖ ከጋዝጊብላ የመጣ፣ ወልደ ሐዋርያት የሚባል ገበሬ ነው። ሴትየዋ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ለመተንፈስ ትታገላለች።

"ምን ጻፍክበት፣ ጌታው?"

"አራት ሰው ሞቷል ብዬ።"

"እነማን?"

"እናትነሽ፣ ወልደ ገብርኤል፣ ደብሬ።" ጠመኔውን አኖረ። "አራተኛዋ እናቴ ናት።"

"ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናህ።" ገበሬው ሰሌዳውን አየ። "ቀድሞ ምን ይል ነበር?"

"የሞተ የለም ነበር የሚለው።"

"እሱንማ ሰምተናል። እሱን ሰምተን ነው እስከ ዛሬ የቀረን።" የበቅሎዋን ልጓም በእጁ ጠቀለለ። "ከዚህ ዳኑ ተብለው የተመለሱትን እኛ እንቀብራለን፤ እናንተ የሞተ የለም ትላላችሁ። ይህ ቤት የሚደብቀው ነገር አለ ብለን ፈራን። ዛሬ ባይብስባት ኖሮ አሁንም አልመጣም ነበር።"

ይግዛው የእናቱን ልብስ ከመሬት አነሳ።

ገበሬው ሚስቱን በሁለት ክንዱ ደግፎ ከበቅሎዋ አወረዳት።

"ሐኪሙ በየት በኩል ነው?" አለ።