«ተኛ» የሚል ፍቅር

አናጢው ኩላሊቱ ከድቶት እጥበት ከጀመረ ወዲህ ቤተሰቡ እንደ እንቁላል ነው የሚይዘው። ጫማውን ሚስቱ ታደርግለታለች፤ ደረጃውን ወንድ ልጁ አዝሎ ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። ጠያቂ ጎረቤቶችም ቀና ሲል ባዩት ቁጥር «ኧረ በሞቴ ተኛ፤ አንተ እኮ በሽተኛ ነህ» ይሉታል። ሰው ሲታመም እንደ ጆንያ ጥግ ማስያዝ ደግነት የሚመስለው ስንቱ ነው!

የእጥበት ክፍሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግን በአፍ ተይዛ አየር የሚሳብባት፣ ስትሳብ እምቢ የምትል አንዲት የፕላስቲክ መሣሪያ ሰጥታው ነበር። «በየቀኑ ይለማመዱባት፤ በእግርዎም ወዲያ ወዲህ ይበሉ» ብላው ነበር። ሚስቱ «አየር ያጠረውን ሰው ጭራሽ ታግለህ ሳብ? የት አገር ነው ያየነው?» ብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ወረወረቻት። እሱም ትንፍሽ አላለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መጦሩ ጥሞት ነበር።

ከዚያ ጉንፋን ያዘው። አክታው ደረቱ ላይ ተጋገረ። ሊያስል ይታገላል፤ ሳሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ሆስፒታል ሲደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል።

«ከአልጋ አልወረደ፣ ዕቃ አላነሳ! ምን አጎደልኩበት?» አለች ሚስቱ እያለቀሰች።

«ጥፋቱ ይሄው መተኛቱ ነዋ፣ እትዬ» አለች ባለሙያዋ፣ ንዴቷን መደበቅ አቅቷት። «ደሙን ማሽኑ ያጥብለታል። አየር የሚስበው ግን በገዛ ጡንቻው ነው። ይሄ በሽታ ጡንቻ ያደክማል፤ የደረትንም ጭምር። ተኝቶ ሲውል ደግሞ ይብስበታል። አሁን አክታውን አስሎ የሚያወጣበት አቅም አጣ። ለመሆኑ መሣሪያዋ የት ደረሰች?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ናት» አለች ሚስትየው።

አናጢው በገነ። በሚስቱ፣ በጠያቂዎቹ፣ ከሁሉም በላይ ዝም ባለው በራሱ ተናደደ። ሊጮህ አፉን ከፈተ። ለካ ለመቆጣትም ትንፋሽ ያስፈልጋል። «ተ... ተዉኝ... ልነሳ» እስኪል በላብ ተጠመቀ።

ለትንሽ ተረፈ። ዛሬ ሐኪሙ በፈቀደለት ልክ መሣሪያዋን ይስባል፤ ደረጃውንም ግድግዳ ይዞ፣ እያረፈ፣ እየተነጫነጨ ይወጣል። ሚስቱ ከኋላው ናት። እጇ ልደግፈው ልደግፈው ይላታል፤ መልሳ ትሰበስበዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ጎረቤታቸው ደረጃው ላይ አገኘቻቸው። «ውይ፣ ይሄን ምስኪን ምነው ብታስተኚው? አንቺ ሴትዮ ጨክነሻል።»

«የጨከንኩትስ ያኔ ነው» አለች ሚስትየው። «ተኛ ተኛ እያልን ልንቀብረው ነበር፤ አንቺም አለሽበት። ልትጠይቂው ከሆነ የመጣሽው፣ መንገድ ልቀቂለትና ከኋላው አብረሽን ውጪ።»

ጎረቤቲቱ ግድግዳውን ተጠጋች፤ አናጢውም አለፈ። እናንተም ቤታችሁ ያስተኛችሁት ሰው ካለ፣ ሐኪሙን ጠይቁና አስነሱት።