የጥንቸሏ ሆድ

ማመን የማትፈልጉ ተዉት፤ አልቀየማችሁም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር። ግን እኔው ላይ ደርሷል...

እሁድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐዩ የልጄን ክፍል ሞልቶታል። ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች ታንጎራጉራለች።

የልጄ የጨርቅ አሻንጉሊቶች አልጋውን ወርሰውት ልጅቷ ጠርዝ ላይ ነበር የምትተኛው።

"አሁንስ አበዛችሁት!" ብዬ ዚፕ ያለው ትልቅ የላስቲክ ከረጢት አመጣሁ። የምትጫወትባቸው ቅርጫት ውስጥ፣ የተረሱት ከረጢት ውስጥ ሆነው ቁምሳጥኑ ላይ።

ድቡ ገባ። ዝሆኑ ገባ። ጥንቸሏን ሳነሳ...

ከበደችኝ።

ጥንቸሏን የሰፋችላት ታናሽ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ፈጣሪ ልጅ አልሰጣትም። ሥራ ስውል ልጄን የምትይዝልኝ እሷ ናት። ከራሴ በላይ ነበር የማምናት።

"እሷን አታስገቢያት" አለች ልጄ በሹክሹክታ።

"ለምን የኔ ቆንጆ?"

"እማዬ ትቆጣለች።"

ሳቅኩ። "እማዬ እኔ አይደለሁ እንዴ?"

ዓይኗ ጥንቸሏ ላይ ነው።

ጥንቸሏን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። የኔን የፀጉር ቅባት ትሸታለች። ሆዷ ላይ ያለው ስፌት ደግሞ አዲስ ነው። ቀይ ክር።

መቀስ አምጥቼ ተረተርኩት።

ውስጡ ጥጥ የለም።

ከማበጠሪያዬ የተለቀመ ፀጉር... የጠፋብኝ ሻሽ... የሰርጌ ፎቶ። ባሌ እንዳለ አለ። የኔ ፊት በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል።

ሻሹ የጠፋ ቀን እኮ እህቴ አልጋ ስር ገብታ አብራኝ ፈልጋለች! ስትወጣ አቧራዋን ያራገፍኩላት እኔ ነኝ! "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር" ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እውነት ለመናገር ከፍርሃቱ በፊት ያንገበገበኝ ክህደቱ ነው። ባጎረስኩ ተነከስኩ።

"ለምን ከፈትሻት?"

እህቴ በሩ ላይ ቆማለች። የኔን ሹራብ ለብሳለች።

"ምን አደረግሽኝ?" አልኳት።

እጇን ለልጄ ዘረጋች።

"ነይ የኔ ልጅ።"

"እሺ እማዬ..."

ሄደች። አንዴ እንኳ ዞር ብላ አላየችኝም። አምጬ የወለድኳት ልጅ!

የውጭው በር ተከፈተ። ባሌ ነው። እፎይ አልኩ፤ እሱ እንኳ አይክደኝም ብዬ።

ገባና የእህቴን ግንባር ሳመ። ልጄን አቀፈ። ከዚያ እኔን አየኝና፣ ቤቱ ለመጣ እንግዳ እንደሚያደርገው ጎንበስ አለ።

"ደህና ዋሉ? ይቀመጡ እንጂ።"

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም።

ሆዴ አሳከከኝ...

ሸሚዜን ገለጥ አደረግኩ። ከእምብርቴ በላይ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል።

ሳብኩት።

ምንም አላመመኝም። ክሩን ተከትሎ ነጭ ጥጥ ወጣ።