ማን ነህ? ተናገር!

«ማን ነህ? ተናገር! ከየት መጥተህ ያዝካት?»

እትዬ ወለተ ማርያም የፅጌረዳን ጠጉር ጨምድደው ይዘው ይህንኑ ደጋገሙት። ሁለት ጎረቤቶች እጆቿን ጠፍረዋል፤ እናቷ ደግሞ እያለቀሰች የሚጤስ አሮጌ ጨርቅ አፍንጫዋ ሥር ደቅናለች። የፅጌረዳ ልብ ደረቷን ጥሶ ሊወጣ ደርሷል። ጣቶቿ ደንዝዘዋል፣ አየሩም ከጉሮሮዋ ወዲያ አልወርድ ብሏል። አሁን እሞታለሁ አለች በሆዷ። ቢለቋት ሮጣ ትወጣ ነበር፤ ግን ማን ይለቃታል!

የሚጠይቁት እሷን አልነበረም፤ ውስጧ ገብቷል ያሉትን ቡዳ ነው። ቡዳ የበላው ሰው ጭሱ ሲገባው ይለፈልፋል፣ የበላውንም ሰው ስም በገዛ አፉ ያወጣል ይባላል። በማስለፍለፍ ደግሞ በሰፈሩ እትዬ ወለተ ማርያምን የሚያህል የለም። ክፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ። ሰው ታመመ ሲባል ነጠላቸውን በቅጡ ሳይለብሱ የሚደርሱ እሳቸው ናቸው።

ፅጌረዳ በዚያ ጭስ መሃል አንድ ሰው ብቻ አማራት። ይህ ነገር ትምህርት ቤት ሲመጣባት እጇን ይዛ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ አጠገቧ ቁጭ የምትልላት ጓደኛዋ።

«አሰፋች!» ብላ ጮኸች። «አሰፋች!»

ሴቶቹ ተያዩ። ወዲያው እጆቿን ለቀቁላት። በቃ፣ ቡዳው ስሙን ተናገረ።

አሰፋች የሸክላ ሠሪዋ የጥሩሰው ልጅ ናት። ሁለቱ ልጆች ስምንተኛ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። የአሰላ ሰው ጥሩሰው በሠራችው ማሰሮ ወጡን ይሠራል፣ በጀበናዋ ቡናውን ያፈላል፣ እሷን ግን ድሮም በጎሪጥ ነው የሚያያት። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል አይደል? የልጅቷ ስም ከወጣ ወዲህ እናቶች ልጆቻቸውን አስጠነቀቁ። አሰፋች ክፍል ስትገባ ምሳቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ልጆች መጡ። ጥቂት ቀን ቻለችው፣ ከዚያ ትምህርት ቤት መምጣቷን ተወች። የሚኒስትሪ ፈተና ሊሆን የቀረው ሳምንት ነው፤ በሂሳብ ደግሞ ክፍሉን የምትመራው እሷው ነበረች።

ፅጌረዳ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፣ አትፍረዱባት። ለእናቷ ለቦጋለች እንድትደርስልኝ ብዬ ነው የጠራኋት አለቻት። እናቷም እቅፍ አድርጋ፣ ልጄን፣ እሱ ነው እንዲህ የሚያሰኝሽ ብላ አለቀሰች። ፅጌረዳ እትዬ ወለተ ማርያም ዘንድም ሄደች። እሳቸውም ቆሎ ዘግነው ሰጥተው፣ ቡዳ ስሙ ከወጣ በኋላ መካዱ ያለ ነው ብለው መለሷት። አስተማሪያቸው ደግሞ ይህ ሁሉ ኋላ ቀርነት ነው አሉና ወደ ጂኦግራፊያቸው ተመለሱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። በደህና ጊዜዋ የምትናገረውን የሚያምናት ጠፋ፤ ስትንቀጠቀጥ የጮኸችውን ግን ሁሉም እንደ ወንጌል ተቀበለው። ይህን ስታስበው ፅጌረዳ ያንገበግባታል።

ሕመሙ ደግሞ አልተዋትም። የጀመራት በዚያው ዓመት፣ አባቷ ወልደሰንበት ሱቁ ለገባ ሁሉ ልጄ ሚኒስትሪውን አልፋ አዲስ አበባ ትገባለች እያለ ማውራት ሲያበዛ ነው። ልቧ መምታት ሲጀምር አሁን ሰው ሳያያት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ወንዝ መሮጥ ለመደች። እዚያ የሚይዛት የለም፣ የሚያጨስባትም የለም። በዚያ ብቸኝነት ውስጥ አንድ ነገር ተረዳች። ነገርዬው እንደ ወተት ይገነፍላል፣ ይገነፍላል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። አየር ለመሳብ ስትጣደፍ ይብስባታል። ትኩስ አጥሚት እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብላ እፍ ስትል ግን ቢያንስ ጉሮሮዋ ይከፈታል። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ትተክልና፣ ድንጋዩ ይኸው፣ ውሃው ይኸው፣ እኔም ይኸው አለሁ ትላለች ለራሷ። በመጣ ቁጥር እሞታለሁ ማለቷ አልቀረም። ግን አልሞተችም።

በገበያ ቀን እናቷ ጨው ግዢ ብላ ላከቻት። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ፊት ይቆርጣል። ሸክላ ተራ ጋ ስትደርስ ጥሩሰውን አየቻት፤ ማሰሮዎቿን ደርድራ፣ አንድም ሳይሸጥላት ኩርምት ብላለች። አሰፋች ከኋላዋ ናት። ፅጌረዳን አየቻትና ፊቷን አዞረች።

አንዲት ከሳጉሬ በኩል የመጣች ገበሬ አንዱን ማሰሮ አንስታ በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው፤ ድምፁን ወደደችው። አጠገቧ ያለችው ቅቤ ሻጭ ግን በኦሮምኛ አንድ ነገር ሹክ አለቻት። ፅጌረዳ ሰማች፤ ቡዳ በሁለቱም ቋንቋ ያው ቡዳ ነው። ሴትዮዋ ማሰሮውን እሳት እንደነካ ሰው ጣል አድርጋው ሄደች።

የፅጌረዳ ልብ ያን ጊዜ መምታት ጀመረ። ጆሮዋ ጮኸ። የወንዙ መንገድ በቀኝ በኩል ክፍት ነው፤ ብትሮጥ ትደርሳለች። ወንዙ ዳር ማንም አይጠይቃትም። ማንም በማይጠይቅበት ደግሞ ማንም አይሰማም። እዚህ ብትቀር ግን ይይዟታል፣ ያጨሱባታል፣ ይጠይቋታል። ስትያዝ የምትናገረውን ነው ሰዉ የሚያምነው። ወደ ወንዙ አንዴ አየች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና እዚያው ማሰሮዎቹ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ያዛት! ያዛት!» አለች ቅቤ ሻጯ።

ሰው ከበባት። የማን እንደሆነ የማታውቀው እጅ ትከሻዋን ጨመቀው። እትዬ ወለተ ማርያም ሽሮ ሲገዙ ከነበሩበት እየጋፉ ደረሱና ጠጉሯን ያዙ።

«ማን ነህ? ተናገር!»

ፅጌረዳ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ እምቢ አላት። እግሯን መሬቱ ላይ ተከለች። እፍ አለች፣ ቀስ ብላ። እንደገና እፍ።

«እኔ… ፅጌረዳ ነኝ።»

የከበቧት ሰዎች እንዲህ ብሎ የመለሰ ቡዳ ሰምተው አያውቁም።

«ማንም አልበላኝም። ፍርሃት ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። አሰፋችን የጠራኋት… እጄን እንድትይዘኝ ነው።»

እትዬ ወለተ ማርያም ዙሪያቸውን አዩ። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው፣ ጨርቅ አጭሱ አሉ፤ ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም፣ ጠጉሯን የያዘው እጃቸውም ላላ ብሏል። አንዷ ጨርቅ ፍለጋ ሮጠች። ከማሰሮዎቹ ኋላ አሰፋች ብድግ አለች። እናቷ ቀሚሷን ይዛ፣ ቁጭ በይ፣ ይገድሉሻል እያለች በሹክሹክታ ትጎትታታለች።

ጭሱ መጣ። ዓይኗ አነባ፣ ሰማዩ ዞረባት፣ ልቧ ጭራሽ ባሰበት። ይህን ሁሉ ተናግራ እንኳ ላያምኗት ነው። ብታለቅስ፣ ብትጮህ የፈለጉትን ስም ሊያገኙ ነው። አልጮኸችም። እፍ አለች።

«ማን ነህ?»

«ፅጌረዳ ነኝ» አለች እንደገና። ያልተያዘ እጇን ወደ ማሰሮዎቹ ዘረጋች፤ መዳፏን ከፍታም ጠበቀች።