የደራርቱ ጉርሻ እና የዱባው ኬክ

ደራርቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው አሶሳ ነው፤ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ። ጊዜው ክልሉ ገና አዲስ የተቋቋመበት ነበር። በከተማው በየቦታው ቢሮ ይከፈታል፤ ከየአገሩ ሰው ይመጣል። የደራርቱ እናት ገላኔም ከወለጋ የመጣችው ከነዚህ ቢሮዎች በአንዱ ታይፒስት ሆና ነው። አባቷ ሁንዴሳ አስተማሪ ነው። ቀልድ ይወዳል፤ ቀልዱ ግን ሁልጊዜ አያስቅም። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ አባት ሳይኖር አይቀርም።

በዚያ ዓመት አያቷ አባባ ኤጀታ፣ የገላኔ አባት፣ ከሜንዲ መጥተው አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። ስኳር በሽታ ይዟቸው ነበር። ቀኝ እግራቸው ላይ አልድን ያለ ቁስል አለ፤ ለእሱ ሆስፒታል ይመላለሳሉ። ደራርቱ አያቷን በጣም ትወዳለች። የእሳቸውማ አይነሳ! ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

«መጣሽ አበባዬ?» ይሏታል።

«መጣሁ አባባ! እግርዎ እንዴት ዋለ?»

«እግሬማ ቤት ነው የዋለው። አንቺ ስትሮጪ የዋልሽውን ንገሪኝ» ይላሉ።

አሁን ስለ ኬኩ ልንገራችሁ። የአባባ ኤጀታ ሚስት እማማ ዱሬቲ ከማረፋቸው በፊት ኬክ በመጋገር የታወቁ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ወጣት ሳሉ፣ ሚሲዮን ክሊኒክ ሲሠሩ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ የላቸውም። ሊጡን ብረት ድስት ውስጥ ያፈሱና ከታች ከሰል፣ ከክዳኑም ላይ ፍም ያደርጋሉ። ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት! ኬኩ ነፍቶ ይወጣል። ቅቤው አይጠየቅ፣ ስኳሩ አይጠየቅ። እጅ ያስቆረጥማል። እማማ ዱሬቲ ሲያርፉ ሙያው ለልጃቸው ለገላኔ ቀረ።

ይህ ኬክ በገና በዓል ሲቆረስ ቤቱ የራሱ ልማድ ነበረው። መጀመሪያ የቤቱ ትልቅ ሰው ይመርቃል። ቀጥሎ የቤቱ ትንሽ ልጅ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለመራቂው ታጎርሳለች። ያ ጉርሻ ሳይጎረስ ማንም አይቀምስም። ጉርሻው ትልቅ መሆን አለበት። «ጉርሻና ፍቅር ካላስጨነቀ አያምርም» ሲባል ሰምታችሁ የለ?

የዚያ ዓመት ገና ሲቃረብ ገላኔን ሐሳብ ገባት።

«አባዬን የሚጎዳ ኬክ በእጄ አልጋግርም» አለች። «የእናቴ ኬክ ደግሞ ከዚህ ቤት አይጠፋም!»

ምን አደረገች መሰላችሁ? ስኳሩን ከትልቅ ኩባያ ወደ ጥቂት ማንኪያ አወረደችው። ቅቤውን ተወችና ጎረቤታቸው አቶ ዐብዱልቃድር ከእርሻቸው ያመጡላትን ኦቾሎኒ ፈጭታ ጨመረች። ከፉርኖ ዱቄቱ ግማሹን ቀንሳ የማሽላ ዱቄት ተካች። እንዲለሰልስ ብላ የተቀቀለ ዱባ ደፍጥጣ አገባችበት።

ለሙከራ ጋገረችው። ልጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልነፋም። ጠፍጣፋ ሆኖ ደረቀ። ሁንዴሳ አንዱን ቁራሽ አንስቶ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረገበት።

«ገላኔ፣ ይሄ ኬክ ነው ጡብ?»

«ዝም ብለህ ብላ! ጥርስ የተሰጠህ ለምን መሰለህ?»

አባባ ኤጀታ ግን ቁራሻቸውን ወተት ውስጥ ነክረው በሉ። «ኧረ ደግ ነው» አሉ። «እንቁላሉ በደንብ አልተመታም እንጂ ጣዕሙስ ደግ ነው።»

ሁንዴሳ የተረፈውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብፌ ውስጥ አስቀመጠ። «ጡቤን እንዳትጥሉብኝ፤ ግንብ እሠራበታለሁ» አለ። ሁሉም ሳቁ። ደራርቱ ግን አልሳቀችም።

ለምን? ጉራዋን ነዝታ ነበራ! ሰንበት ትምህርት ቤት ለጓደኞቿ፣ «የአያቴ ኬክ እንደ ጥጥ ነው፣ እንደ ማር ነው! ለገና እኛ ቤት ኑ!» ብላ ጠርታቸዋለች። አሁን ይሄንን ጡብ ልታቀርብላቸው ነው? ዘመናይ የምትባለው ጓደኛዋ ደግሞ ወሬው ከየት እንደደረሳት እንጃ፣ በልጆቹ ሁሉ ፊት ጠየቀቻት።

«ደራርቱ፣ ኬካችሁ በዱባ ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«እ… ትንሽ ዱባ አለው።»

«ዱባ ወጥ ይሠራበታል እንጂ ኬክ ይሆናል እንዴ! እንግዲያው እንጀራ ይዘን እንምጣ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። የደራርቱ ፊት እሳት የነካው መሰለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

የገና ዋዜማ ገላኔ ሊጡን እንደገና አዘጋጀች። ዱባውን ደፈጠጠች፤ እንቁላሉንም በደንብ መታች። ከሰሉ ግን እንቢ አላት፤ ብትል ብትል አልያያዝ አለ።

«አቶ ዐብዱልቃድር ቤት እሳት ጭሬ ልምጣ» አለች። «ደራርቱ፣ ሊጡን ጠብቂ። ዶሮ እንዳይነካው፤ አደራ!»

«እሺ እማዬ።»

ዶሮስ አልነካውም። ሊጡ አጠገብ የቆመችው ጠባቂ ግን ዓይኗ ወደ ብፌው ሄደ። የስኳሩ ጣሳ እዚያ አለ። «ጥቂት ብጨምርበት ማን ያውቃል?» የሚል ሐሳብ መጣባት። «አባባን ያማቸዋል» አለች መልሳ ለራሷ። «ገና እኮ ነው! አንድ ቀን ምን ያደርጋል?» አለ ያው ሐሳብ።

ልጆች፣ «አንድ ቀን ምን ያደርጋል» የሚለውን ታውቁታላችሁ አይደል? ሲጠሩት ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ሳይጠሩትም ከች ይላል። ደራርቱም ሰማችው። ጣሳውን አወረደች። ጥቂት ጨመረች፤ እንደገና ጨመረች፤ ከዚያ ገለበጠችው። በፍጥነት አማሰለች። ሳህኑ ጠርዝ ላይ የቀረውን ስኳር በምላሷ ላሰችና ጣሳውን ቦታው መለሰች።

እናቷ ፍሙን በገል ይዛ ተመለሰች።

«ዶሮ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም እማዬ።»

አያችሁ? ዶሮ አልመጣም፤ ይሄ እውነት ነው። ደራርቱ ግን እውነቱን ተናግራ እናቷን ዋሸቻት።

ገላኔ ኬኩን ጋገረችና እስከ በዓሉ ክዳኑን ሳትከፍት አሳደረችው። በማግሥቱ ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ጓደኞቿ ከነወላጆቻቸው መጡ። አቶ ዐብዱልቃድርም «እንኳን አደረሳችሁ!» እያሉ ገቡ። ገላኔ ክዳኑን ስታነሳ እልልታዋ ግቢውን አናወጠው። ኬኩ ነፍቷል! ቀልቶ፣ አምሮ፣ ልክ እንደ እማማ ዱሬቲ ኬክ።

«አባዬ፣ ይዩት!» አለች። እንባዋ ሊመጣ ነበር። «ለካስ ስኳር ሳይበዛበትም ይቻላል! እማዬ ባየችልኝ!»

ዘመናይ ኬኩን አይታ ምራቋን ዋጠች። ደራርቱ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነበር። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ አይደል? ግን ደስ አላላትም። እናቷ በተደሰተች ቁጥር እሷ ፊቷን ከኬኩ ታዞራለች። «ዝም ካልኩ ያልፋል» አለች በልቧ።

አባባ ኤጀታ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። 

«ጌታ ሆይ፣ ተመስገን» አሉ። «ሐኪሙ ስኳሬ ካልወረደ ይህ እግር ይቆረጣል ብሎኛል። ደራርቱዬ፣ እንዳትፈሪ ብለን ደብቀንሽ ነበር። ልጄ ገላኔ እግሬን ለማትረፍ ዱባ ስትቀቅል ከረመች። የእሷን እጅ ባርክ። አሁን የምታጎርሰኝን የልጅ ልጄንም እጅ ባርክ። አሜን!»

«አሜን!» አለ ቤቱ።

ደራርቱ አሜን አላለችም። ይቆረጣል? የአባባ እግር?  እናቷ ኬኩን ቆረሰችና ትልቁን ቁራሽ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «በይ አጉርሺ!»

አባባ ኤጀታ ዝቅ አሉላት። ሲጎርሱ ዓይናቸውን የመጨፈን ልማድ አላቸው። ጨፈኑና አፋቸውን ከፈቱ። ደራርቱ እጇን አነሳች።  ብታጎርሳቸው እግራቸው! ባታጎርሳቸው ደግሞ ያ ሁሉ እንግዳ ያያታል፤ ዘመናይ ታያታለች። ለመራቂ የተዘረጋ ጉርሻ ሲመለስ ማን አይቶ ያውቃል?

ከዚያ ምን እንደሆነ ስሙኝ። ደራርቱ ያንን ግዙፍ ጉርሻ ላፍ አድርጋ በራሷ አፍ ከተተችው!

«ውይ! ነውር!» አለች አንዲት እናት።

«ደራርቱ!» ብላ ጮኸች ገላኔ።

ሁንዴሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋው። ዘመናይ አፏን ይዛ ሳቀች። ምስኪኑ አባባ ኤጀታ ግን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ይጠብቃሉ።

ደራርቱ ጉንጯ እንደተወጠረ ማልቀስ ጀመረች። እንደምንም ዋጠችው።

«እንዳይበሉት አባባ! ስኳር አለበት! ትናንት እማዬ እሳት ልትጭር ስትሄድ ጣሳውን ሙሉ ገለበጥኩበት። ዘመናይ እንዳትስቅብኝ ብዬ ነው! እግርዎ እንደሚቆረጥ አላወቅሁም!»

 ገላኔ ኬኩን አየችው። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። «እኔ እኮ የቻልኩ መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። ደራርቱን ይህ ቃል ከዱላ በላይ አመማት። አያቷ እግር ሥር፣ የታመመውን እንዳትነካ ተጠንቅቃ፣ ተንበረከከች።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። እማዬ፣ ይቅር በዪኝ።»

አባባ ኤጀታ እጇን ይዘው አነሷት።

«ስሚ አበባዬ። ስኳሩን መጨመርሽ ክፉ ሥራ ነው፤ እናትሽንም ዋሽተሻል። ይሄንን አላሳልፍልሽም። ትናንት አንዲት ጓደኛሽ እንዳትስቅብሽ ፈራሽ። ዛሬ ግን ለእኔ ብለሽ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አፈርሽ። ይቅር ብዬሻለሁ።» ከዚያ እንግዶቹን ዞር ብለው አዩ። «ይሁንና እኔ ርቦኛል! መርቄ፣ አፌን ከፍቼ፣ ባዶውን ልዝጋው?»

ሁንዴሳ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ጡቤ!» ብሎ ጮኸ።

እየሮጠ ብፌውን ከፈተና በጨርቅ የተጠቀለለውን የሙከራ ኬክ አወጣ። እንግዶቹ በሳቅ ወደቁ። ገላኔም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ተነሥታም ወተት ቀዳች። ደራርቱ ደረቁን ቁራሽ ወተት ውስጥ ነከረችው። እስኪለሰልስ ጠበቀች። አባባ ኤጀታ እንደገና ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ፤ እሷም አጎረሰቻቸው።

አላመጡ፣ ዋጡ። «አንድ ያጣላል፤ ድገሚኝ» አሉ።

ደገመቻቸው።

«ወላሂ፣ ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው!» አሉ አቶ ዐብዱልቃድር። አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «ነው» ይላሉ። «አጥፍቷል፣ ግን ደግሞ ተናግሯል። ትልቅ ሰው እንኳን ይህን ነገር አይችልም።»

ስኳር የበዛበትን ኬክ እንግዶቹ በሉት። ዘመናይ ደጋግማ ወሰደች። ስለ ዱባም ትንፍሽ አላለችም።

ማታ እናትና ልጅ ብረት ድስቱን አብረው አጠቡ።  ደራርቱ ጥቀርሻውን በአመድ ፈገፈገች። በመጨረሻ እናቷ፣ «ከእንግዲህ ሊጡን ዶሮዋ ትጠብቅልኝና አንቺን ላስወጣ ይሆን?» አለቻት። ደራርቱ ቀና ስትል እናቷ ፈገግ ብላለች። ደራርቱም በእርጥብ እጇ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ለፋሲካ ዱባውን የደፈጠጠችው ራሷ ደራርቱ ናት። እንቁላሉን ክንዷ እስኪዝል መታችው፤ እናቷ ቀምሳ «በቃ» እስክትላት አላቆመችም። ኬኩ እንደ እማማ ዱሬቲ ኬክ ከፍ አላለም፤ ጡብ ግን አልሆነም። ሁንዴሳ ጠረጴዛውን ሊያንኳኳበት ሞከረና ፍርክስ አለበት። የአባባ ኤጀታ ቁስል ደርቆ ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው የተመለሱት በሁለት እግራቸው ነው። መረቁና ዝቅ አሉ። ዓይናቸውንም እንደ ልማዳቸው ጨፈኑ፤ ደራርቱም ሳትፈራ አጎረሰቻቸው።

ልጆቼ፣ የምንወደውን ሰው የሚጣፍጠውን ብቻ ሳይሆን የሚበጀውን እንስጠው፤ ስናጠፋም ሌላው ሰው ሳይጎዳ፣ ብናፍርም እንኳ፣ እውነቱን እንናገር።